ለኤርሶፍት የምሠራው የውሸት ቦምብ እንጀራ ይሆነኛል ወይ?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 20 ነው። የምኖረው ጆርጂያ፣ ክላርክስተን ነው። ሌሊት ሌሊት መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ኤርሶፍት (ትንንሽ የፕላስቲክ ጥይት በሚተፋ የመጫወቻ ጠመንጃ የሚደረግ የውጊያ ጨዋታ) እንጫወታለን። ለጨዋታው የሚሆኑ ነገሮችን የምሠራው እኔ ነኝ፦ ሰዓት የሚቆጥርና መጨረሻ ላይ ጭስ የሚለቅ የውሸት ቦምብ፣ ሲረገጥ በአየር ግፊት ዱቄት የሚተፋ የውሸት ፈንጂ። ሌሎች ቡድኖችም እየከፈሉኝ ያሠሩኛል። አንዳንዴ ግን የጭሱ ቫልቭ ሲከፈት አርዱዊኖው (ዕቃውን የሚያዘው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ) ጠፍቶ ቆጠራውን እንደ አዲስ ይጀምራል። አባቴ ‹ይሄን ያህል ሰው ሆነህ በመጫወቻ ትውላለህ› ይለኛል። ይሄ ነገር ሙያ ሊሆን ይችላል? ከሆነስ ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ ይችላል። ፊልም ላይ ግድግዳ ሲፈርስ፣ ያለ ደመና ዝናብ ሲወርድ፣ ጥይት መሬት መትቶ አቧራ ሲያስነሳ፣ ያንን የሚሠራ ባለሙያ አለ። የምትኖርበት ቦታም ያግዝሃል። ጆርጂያ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ሕግ መሠረት ፊልም ሠሪዎች እዚያ ካወጡት ወጪ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ የግብር ቅናሽ ያገኛሉ። ብዙ ስቱዲዮ አትላንታ ዙሪያ የተተከለው በዚህ ምክንያት ነው። ትሪሊዝ የሚባለው ስቱዲዮ ፋየትቪል ላይ አለ። የታይለር ፔሪ ስቱዲዮ ደግሞ የድሮውን የፎርት ማክፈርሰን ጦር ሰፈር ይዟል። የስፔሻል ኢፌክትና የፕሮፕ (ለትወና የሚያገለግሉ ዕቃዎች) ሠራተኞች የሚገቡበት ማኅበርም አለ፤ አያትሲ ቁጥር 479 ይባላል።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገርህ። የሚያስደነግጥ ዕቃ የሚሠራ ልጅ ሞልቷል። ቀጣሪ የሚፈልገው ዕቃው ቢበላሽ ሰው እንዳይጎዳ አስቀድሞ ያሰበውን ነው። በ2021 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በአንድ ፊልም ቀረጻ ላይ የቀረጻ ባለሙያዋ ሃሊና ሃቺንስ ለትወና በቀረበ ሽጉጥ ተመትታ ሞተች። ሽጉጡ ውስጥ እውነተኛ ጥይት ገብቶ ነበር። ለመሣሪያው ኃላፊ የነበረችው ወጣት በ2024 ተፈርዶባት ታሰረች። ከዚያ አደጋ በኋላ ባሩድ ትተው በኤርሶፍት ጠመንጃ መቅረጽ የጀመሩ አሉ፤ የአፈሙዙን ብልጭታ በኋላ በኮምፒውተር ይጨምሩታል። አየህ፣ ያንተን መጫወቻ ትልልቆቹም እየያዙት ነው። የያዙትም ለደህንነት ብለው ነው።

እስቲ ወደ አርዱዊኖህ ልምጣ፤ ደብዳቤህ ውስጥ ትልቁ ነገር እሱ ነው። የአርዱዊኖ አንድ እግር በደህና የሚሰጠው 20 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። ባለ 12 ቮልት ቫልቭ ግን ብዙ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊአምፔር ይስባል። ሁለቱን ከአንድ ባትሪ ካጠጣሃቸው ቫልቩ ሲከፈት ቮልቴጁ ይወርድና አርዱዊኖው ይጠፋል። ሲዘጋ ደግሞ የቫልቩ ጥቅል ሽቦ ኃይለኛ ቮልቴጅ ወደ ኋላ ይመልሳል። ስለዚህ በመሃል ትራንዚስተር ይግባ፤ በአርዱዊኖው ትንሽ ጅረት የቫልቩን ትልቅ ጅረት የሚያበራና የሚያጠፋ ነው። በቫልቩ ሁለት ጫፎች ላይ ዳዮድ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) በግልባጭ ይታሰር። ለቫልቩ የራሱን ባትሪ ስጠው፤ የሁለቱ ባትሪዎች ኔጌቲቭ ግን መገናኘት አለበት። በ9 ቮልቷ ትንሽ ባትሪ ቫልቭ ለማንቀሳቀስ መሞከሩንም ተው፤ አቅም የላትም።

ይህን ሁሉ የነገርኩህ ቦምብህ እንዲሠራ ብቻ ብዬ አይደለም። መጀመሪያ የሳልከውን ሥዕል፣ የጠፋበትን ቅጽበት፣ የጠረጠርከውን፣ በመልቲሜትር የለካኸውን ቁጥር፣ የቀየርከውንና ከቀየርክ በኋላ የሆነውን በቀን በቀኑ ጻፈው፤ ፎቶም አንሳ። አንድ የስፔሻል ኢፌክት አለቃ ያንን ሁለት ገጽ ሲያይ ስለ አንተ ብዙ ነገር ይረዳል። ጭስ ሲወጣና ጓደኞችህ ሲጮሁ የሚያሳየውን ቪዲዮ ግን አስር ሴኮንድ አይቶ ያልፈዋል። ፖርትፎሊዮህን (ለቀጣሪ የምታሳየውን የሥራ ስብስብ) እንዲህ ሥራው፤ ሦስት ዕቃ ይበቃል። ለእያንዳንዱ «ባትሪው መሃል ላይ ቢያልቅ ምን ይሆናል? ሽቦ ቢበጠስስ? ሰው ሳያውቅ ቢነካውስ?» የሚሉትን ጥያቄዎች መልስ። መልሱ ሁልጊዜ «ምንም አይለቅም፣ ዝም ይላል» መሆን አለበት።

ዱቄት የሚተፋው ፈንጂህ ግን አስፈርቶኛል። ከምን እንደሠራኸው አልጻፍክም። አየሩን ያጠራቀምከው በነጭ የፒቪሲ የውኃ ቧንቧ ከሆነ ዛሬውኑ አስተንፍሰውና ጣለው። ፒቪሲ ውኃ ሲይዝና የታመቀ አየር ሲይዝ አንድ አይደለም። በአየር ግፊት ሲፈነዳ እንደ መስታወት ተሰባብሮ ይበተናል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ ገና ድሮ ነው ያስጠነቀቀው። ለአየር ተብሎ የተሠራ ጋን ግዛ፤ የግፊት መለኪያና ግፊት ሲበዛ በራሱ የሚያስተነፍስ ቫልቭ ይኑረው። የምትጠቀመው የስንዴ ዱቄት ከሆነም ተወው፤ አየር ላይ ተበትኖ ብልጭታ ካገኘው ይቀጣጠላል። ባሩድና የብልጭታ ዱቄት ደግሞ ጭራሽ አትጠጋ። አንተ ለሰው እየሸጥክ ነው፤ ያለ ፌዴራል ፈቃድ ለሽያጭ የሚፈነዳ ነገር መቀመም ወንጀል ነው። በእሳት መሥራት ከፈለግህ ፈቃድ ካለው ባለሙያ ሥር ገብተህ ትማራለህ።

አሁን እንደ ታላቅ ወንድም ልናገር። በ2014 ክሊቭላንድ ውስጥ የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ የኤርሶፍት ሽጉጥ ይዞ መናፈሻ ውስጥ እያለ ፖሊስ ተኩሶ ገደለው። መጫወቻ መሆኑን የሚያሳየው ብርቱካናማ ጫፍ ሽጉጡ ላይ አልነበረም። በ2015 ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ ከሱዳን ቤተሰብ የመጣ የ14 ዓመት ልጅ፣ አህመድ መሐመድ፣ ራሱ የገጣጠመውን ሰዓት ትምህርት ቤት ይዞ ስለሄደ ቦምብ መስሏቸው በካቴና ታሰረ፤ ክስ ግን አልተመሠረተበትም። አንተም ጥቁር ወጣት ነህ። ሽቦ የወጣለት፣ ቁጥር ወደ ታች የሚቆጥር ሳጥን በመኪናህ ኋላ ወንበር ላይ አይታይ። ሽፋኑን ውስጡ በሚታይ ፕላስቲክ ሥራው፤ ቀለሙ ደማቅ ይሁን፤ የጨዋታ ዕቃ መሆኑን ትልቅ አድርገህ ጻፍበት። ባትሪውን አውጥተህ ለብቻ ያዝ። ሳጥኑን ተዘግቶ በሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ አጓጉዘው እንጂ ባቡር ወይም አውቶቡስ ላይ ይዘኸው አትግባ። ከሜዳው ውጭም አታብራው። እባክህ ይህን ቀለል አድርገህ አትየው።

ስለ ገበያው እውነቱን ልንገርህ። ከ2023ቱ የጸሐፊዎችና የተዋናዮች አድማ ወዲህ ጆርጂያ ውስጥ የፊልም ሥራ ቀዝቅዟል። ልምድ ያላቸው ሰዎች እንኳ ስልክ የሚጠብቁበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መጋዘኑን ለቀህ ስቱዲዮ በር ላይ ቁም አልልህም። ይልቅ መጋዘኑ ውስጥ ዙሪያህን እይ። ዕቃ የሚያመላልሰው ቀበቶ ላይ ያሉት ሴንሰሮች፣ ሪሌዎች፣ በአየር የሚሠሩ ቫልቮች አንተ ጋራዥ ውስጥ የምትታገላቸው ናቸው። ቀበቶው ሲቆም የሚጠሩት የጥገና ቴክኒሻኖች ከጫኝና አውራጁ የተሻለ ይከፈላቸዋል። አለቃህን «ወደ ጥገና ክፍል መግባት እፈልጋለሁ፤ ምን ልማር?» ብለህ ጠይቀው። ጆርጂያ ፒድሞንት ቴክኒካል ኮሌጅ ያለው እዚያው ክላርክስተን ነው። ሄደህ ስለ ኢንዱስትሪ ኤሌክትሪክና ስለ አውቶሜሽን ምን እንደሚያስተምሩ ጠይቅ። ያ ትምህርት ፊልም ሲጠፋ ያበላሃል፤ ፊልም ሲመጣም የሚፈለገው እሱው ነው።

እጅህን ለማፍታታት ደግሞ ቅርብህ ያለውን ሞክር። ስቶን ማውንቴን ላይ ኔዘርወርልድ የሚባል ትልቅ የማስፈራሪያ ቤት አለ። ሥራው በሃሎዊን ሰሞን ይጦፋል። ጭስ፣ በአየር የሚዘሉ አሻንጉሊቶች፣ መብራትና ድምፅ፣ ሁሉም ያንተ ዓይነት ሥራ ነው። መስከረም ሳይጠባ፣ በበጋው ላይ ጠይቅ። ትንንሽ ቲያትሮችና እስኬፕ ሩሞችም (ሰዎች እንቆቅልሽ ፈትተው የሚወጡባቸው የጨዋታ ክፍሎች) ለጥገና ሰው ይፈልጋሉ። እዚያ የምታገኘው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ግን «ይሄ ልጅ በሰዓቱ ይመጣል፣ ዕቃውም አይከዳም» የሚልልህ ሰው ታገኛለህ። የፊልሙ ዓለም ደግሞ በሰው በሰው ነው የሚሄደው።

አባትህን አትከራከራቸው። በአንድ ነገር እውነት አላቸው፦ ሌሊት ሠርተህ፣ ቀን ጋራዥ ገብተህ፣ ቅዳሜና እሁድ ሜዳ ከዋልክ መቼ ትማራለህ? ለጋራዡ የተወሰነ ሰዓት መድብ። ከሌሎቹ ቡድኖች የምትቀበለውን ገንዘብና ለዕቃ የምታወጣውን መዝግብ። ኮሌጅ የተመዘገብክ ቀን የምዝገባውንና የሂሳቡን ወረቀት ይዘህ አናግራቸው።

ጆርጂያ ለነዋሪዎቿ ሆፕ ግራንት የሚባል የቴክኒክ ኮሌጅ ድጎማ አላት። የሚሰጠው ለዜጎችና የተወሰነ ሕጋዊ ፈቃድ ላላቸው ነው። ጆርጂያ ከገባህ ስንት ጊዜህ ነው? ግሪን ካርድ አለህ ወይስ ሌላ ፈቃድ? ይህንና ፈንጂው ከምን እንደተሠራ ጻፍልኝ።