ዋጋው የጨመረ አክሲዮን ለምን መጨመሩን ይቀጥላል? የሞመንተም ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሞመንተም ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚለካ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ ሞመንተም የምንለው ይህን ነው፦ ባለፉት ወራት ከሌሎቹ የበለጠ የጨመሩ አክሲዮኖች በቀጣዮቹ ወራትም በአማካይ ብልጫቸውን ይዘው ይቆያሉ፤ ወደ ኋላ የቀሩትም እንደቀሩ። የፋይናንስ ተመራማሪዎቹ ጄጋዲሽና ቲትማን በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካን ገበያ ከ1965 እስከ 1989 ፈትሸው ነበር። በ6 ወር ውጤት መርጦ፣ የጨመሩትን ገዝቶ፣ የወረዱትን ተበድሮ ሸጦ (ኋላ በርካሽ ገዝቶ ለመመለስ)፣ ለ6 ወር መያዝ በአማካይ በዓመት 12 በመቶ ገደማ ያስገኝ እንደነበር አሳይተዋል። ዛሬ የተለመደው መለኪያ የ12 ወር ነው፤ የመጨረሻው ወር ግን ይዘለላል። ዋጋው ከ12 ወር በፊት 100 ዶላር፣ ከወር በፊት 130፣ ዛሬ 120 ቢሆን የሚያዘው 30 በመቶ እንጂ 20 አይደለም። በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ዋጋ ወደ ኋላ የመመለስ ባሕርይ ስላለው፣ ካልተዘለለ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ይደባለቃሉ።

ጥያቄ፦ ዜናው ለሁሉም ከደረሰ ዋጋው ለምን ወዲያው አይስተካከልም?

መልስ፦ ዋናው ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው። እኔን የሚያሳምነኝ ገበያው ለዜና ቀስ ብሎ ምላሽ ይሰጣል የሚለው ማብራሪያ ነው። አክሲዮን በ50 ዶላር የገዙ ሰዎች አሉ እንበል፤ መልካም ዜና ወጣና ተገቢው ዋጋ 80 ሆነ። ዋጋው 65 ሲደርስ ብዙዎቹ «ትርፌን ልያዝ» ብለው ይሸጣሉ፣ ሽያጩም ዋጋውን ይዞ ያቆየዋል። 80 የሚደርሰው እነዚህ ሻጮች ሲያልቁ ነው። የከሰረው ደግሞ «የገዛሁበት ዋጋ እስኪመለስ» እያለ አይሸጥም፤ ስለዚህ ክፉ ዜናም ዋጋውን የሚያወርደው ቀስ በቀስ ነው። ተመራማሪዎቹ ሆንግ፣ ሊምና ስታይን በ2000 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ሞመንተም የሚበረታው ተንታኞች ብዙም በማይከታተሏቸው ኩባንያዎች ላይ መሆኑ ይህን ሐሳብ ይደግፋል።

ጥያቄ፦ ሰው ተከታትሎ ስለሚገዛ ዋጋው ከልክ አልፎ ቢሆንስ?

መልስ፦ ያም አለበት። በመጀመሪያው ዓመት ከተገኘው ትርፍ ከፊሉ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ይጠፋል። የምላሽ መዘግየት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዋጋው ተገቢው ቦታ ደርሶ ይቆም ነበር።

ጥያቄ፦ ትርፉ የአደጋ ካሳ ነው፣ ማለትም ገንዘብ የማጣት ስጋትን ለተሸከመ የሚከፈል ነው የሚሉስ?

መልስ፦ የአክሲዮን ትርፍን በአደጋ መለኪያዎች ለማስረዳት የተሠራው የተመራማሪዎቹ የፋማና የፍሬንች ባለ ሦስት መለኪያ ሞዴል ሞመንተምን ማስረዳት አልቻለም፤ ይህንንም በ1996 እ.ኤ.አ. ራሳቸው ጽፈውታል። አደጋው ግን እውነተኛ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት 2009 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ገበያ ከውድቀቱ ሲነሳ፣ ቀድሞ ክፉኛ የወረዱት አክሲዮኖች 163 በመቶ ሲዘሉ የጨመሩት 8 በመቶ ብቻ ጨመሩ። የወረዱትን ተበድሮ የሸጠ ሰው ምን እንደደረሰበት አስቡት። የሚረዳው፣ ስልቱ ራሱ ባለፉት 6 ወራት ያሳየው መዋዠቅ ሲጨምር የገባውን ገንዘብ መቀነስ ነው።

ጥያቄ፦ በኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ይሠራል?

መልስ፦ ለጊዜው አይሆንም። ገበያው በጥር 2017 ዓ.ም. ወጋገን ባንክን ቀዳሚ አድርጎ ተጀመረ፤ አወዳድሮ ደረጃ ለማውጣት ግን ቢያንስ በአሥሮች የሚቆጠሩ አክሲዮኖች ያስፈልጋሉ። ግብይት ሲሳሳ ደግሞ የቆየ ዋጋ ዘግይቶ መንቀሳቀሱ ሞመንተም ይመስላል፤ በዚያ ዋጋ ልግዛ ቢሉ ግን ሻጭ አይገኝም።