መልስ፦ የታደሰው ማስጠንቀቂያ የቀድሞውን ለምን አይተካም?

የአደጋ ማስጠንቀቂያዎች በኮምፒውተር ሥርዓቶች መካከል በሚተላለፉበት የጋራ የመልእክት ቅርጽ፣ በካፕ 1.2 መስፈርት፣ የመልእክቱን ዓይነት «አፕዴት» (ማደሻ) ብሎ መሰየም ብቻውን ስለማይበቃ ነው የቀድሞውና የታደሰው የጎርፍ ማስጠንቀቂያዎችዎ ጎን ለጎን የሚታዩት። ለአዲሱ መልእክት አዲስ መለያ ይስጡት፤ «ሪፈረንስስ» በተባለው መስክ ደግሞ የቀድሞውን መልእክት ላኪ፣ መለያና የተላከበትን ጊዜ በዚሁ ቅደም ተከተል፣ ክፍት ቦታ ሳይተዉ በላቲኑ ኮማ አያይዘው ያስገቡ።

ጊዜው ከነሰዓት ልዩነቱ እንዳለ ይገልበጥ። ለዓለም አቀፉ ሰዓት መስፈርቱ የሚቀበለው «-00:00»ን እንጂ «ዜድ» የተባለውን ፊደል አይደለም፤ ብዙ የፕሮግራም መሣሪያዎች ግን ሳይጠየቁ ይህንኑ ፊደል ይጽፋሉ።

ከልምድ አንድ ነገር ልጨምር፦ ከመሞከርዎ በፊት የመልእክቱን ሁኔታ የሚገልጸው «ስታተስ» የሚለው መስክ «ቴስት» (ሙከራ) መሆኑን ያረጋግጡ። ከእውነተኛ ማስጠንቀቂያ የተገለበጠ ቅጽ «አክቹዋል» (እውነተኛ) የሚለውን ይዞ ስለሚቆይ፣ ተቀባዩ ሥርዓት ሙከራዎን ለሕዝብ ሊያሰራጨው ይችላል።