ሰርግ እያነሱ አርት ፎቶ ይቻላል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ አዘዞ ነው የምኖረው፣ የምተዳደረው ሰርግና ምርቃት እያነሳሁ ነው፣ ልቤ ግን አርት ፎቶ ላይ ነው። እናቴ "ይሄ ደግሞ ምን ያበላል" ትለኛለች። ዕድሜ ልክ ያዘልቃል?

መልስ፦ ወንድሜ ያዘልቃል፣ ግን ሰርጉን እንዳትተው፣ የኔንም የቤት ኪራይ ስንት ዓመት የከፈለልኝ ሰርግ ነው። አይዳ ሙሉነህም ብትሆን ጋዜጣ ላይ ፎቶ አንሺ ነበረች፣ በኋላ ነው ፊታቸው ቀለም በተቀባ ሴቶች ፎቶዋ ዓለም ያወቃት፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባለውን የፎቶ ፌስቲቫል መሰረተች።

አንተ ጥምቀት ላይ ካሜራ ይዘህ አትጋፋ፣ በዓሉ ካለፈ በኋላ ጠዋት ወደ ፋሲል መዋኛ ውረድ። ግንቡን አንቆ የያዘውን የዛፍ ሥር ብርሃን ከጎን ሲመታው እየው፣ ጅማቱ የወጣ የሽማግሌ እጅ ነው የሚመስለው፣ እኔ ያንን ሥር በክረምትም በበጋም እያነሳሁት እስካሁን አልጠገብኩትም። አንድ ነገር ላይ እንዲህ ሙጭጭ በል፣ ጥሩ ወረቀት ላይ ከአንዱ ፎቶ 5 ወይ 10 ኮፒ ብቻ አሳትምና ቁጥር ሰጥተህ ፈርምበት፣ ሰብሳቢ የሚገዛው እንደዛ ያለውን ነው።

ደግሞ ፋይልህን ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጥ፣ የኔ አንዱ ተበላሽቶ የ3 ዓመት ሥራዬ ጠፍቷል፣ ዛሬም ያንገበግበኛል። ለእናትህ ደግሞ የሷን ፎቶ በትልቁ አሳትመህ ሳሎን ስቀልላት።