ጥያቄና መልስ፦ አንዴ የሠራነውን የፈተና ሴቲንግ ደግሞ መጠቀም

ሰሞኑን ጥያቄ የላካችሁልኝ አብዛኞቻችሁ መምህራን ናችሁ። ጉዳያችሁም አንድ ነው፦ በሙድል (ትምህርትና ፈተና በኦንላይን በሚሰጥበት ሶፍትዌር) የሚሰጥ፣ ቁጥጥር ያለበት የኦንላይን ፈተና። አራቱን እነሆ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ለየፈተናው የሴፍ ኤግዛም ብራውዘር (ተማሪው በፈተና ሰዓት ሌላ ነገር እንዳይከፍት የሚከለክለው ብራውዘር) ሴቲንግ እንደ አዲስ እሞላለሁ። አንዴ ሞልቶ ማስቀመጥ አይቻልም?

ይቻላል። ከሙድል 3.9 ጀምሮ አብሮ የመጣ ነገር ነው። ቴምፕሌቱን፣ ማለትም አንዴ ተሞልቶ የሚቀመጠውን ሴቲንግ፣ የሚያስገባልህ ግን የሙድሉ አድሚን ነው። አንተ ሴቲንጉን ጨርሰህ ፋይሉን፣ በፓስወርድ ሳትቆልፈው፣ ለእሱ ትሰጣለህ፤ ከዚያ በኋላ ኩዊዝ (ሙድል ፈተናውን የሚጠራበት ስም ነው) ስታዘጋጅ ከዝርዝሩ መምረጥ ብቻ ነው። አድሚኑ ከዘገየብህ ፋይሉን ራስህ ኩዊዙ ላይ መጫን ትችላለህ። ስም ላይ አትሰስት። «አዲስ2» ያልከውን ቴምፕሌት በሚቀጥለው ሴሚስተር አንተም አታውቀውም፤ «ሚድ፣ ካልኩሌተር የተፈቀደበት» በለው። ደግሞ አንድ ተማሪ እንኳ ፈተናውን ከጀመረ ይህን ሴቲንግ መቀየር አይቻልም፤ ስለዚህ ቀድመህ በአንድ ኮምፒውተር ሞክረው።

ከዳንግላ፦ የባለፈውን ፈተና ኮፒ አድርጌ ቀኑን አስተካከልኩ። ከ3:00 እስከ 5:00 አልኩት። ጠዋት ተማሪዎቹ ሲገቡ ተዘግቷል አላቸው። ምን አጠፋሁ?

እታለም፣ ሰዓቱ ነው። ሙድል የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። የጻፍሽው 3:00 ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ተማሪዎችሽ ተኝተው ሳለ ተከፍቶ 11 ሰዓት ላይ ተዘጋ። የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት እዚያ 9:00 ይባላል። ኮፒ ስታደርጊ የድሮው መክፈቻና መዝጊያ አብሮ ይመጣል፣ ቴምፕሌት ደግሞ ቀንና ሰዓት አይዝም፤ ስለዚህ በየፈተናው ይህችን ቦታ በዓይንሽ እዪ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ፈተና መሐል መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ 20 ደቂቃ ተቃጠለ። ተማሪዎቼ አለቀሱ።

ያስለቅሳል። መብራት ሄደ ብሎ የፈተናው ሰዓት አይቆምም። መልሳቸው ግን በአብዛኛው አለ፤ ካልተቀየረ በቀር ሙድል በየደቂቃው ያስቀምጣል። ወዲያው ኩዊዙ ውስጥ ኦቨርራይድ የሚለውን (ለመረጧቸው ተማሪዎች ብቻ ሰዓቱን የሚቀይሩበትን) ከፍተው ለተጎዱት 20 ደቂቃ ይጨምሩላቸው፤ የመዝጊያ ሰዓቱንም ይግፉት፣ አለዚያ ጭማሪው ዋጋ የለውም። ብዙ ከሆኑ ግሩፕ አድርገው በአንዴ ይስጡ። ሌላም አለ፦ ቴምፕሌትዎ ላይ የመውጫ ፓስወርድ ካለ ፈታኙ በወረቀት ይያዘው። ብራውዘሩ ተጣብቆ ቢቀርና ፓስወርዱን የሚያውቀው ሰው ባሕር ዳር ስብሰባ ላይ ቢሆን፣ ልጁ ስክሪን ላይ አፍጥጦ መቀመጡ ነው። ሴሚስተሩን ሙሉ የደከመ ልጅ በዚህ መውደቅ የለበትም፣ እባካችሁ።

ከቡሬ፣ ከተማሪ፦ ያለኝ አንድሮይድ ስልክ ብቻ ነው። መምህራችን በሴፍ ኤግዛም ብራውዘር ነው የምትፈተኑት ብሏል።

በአንድሮይድ አይሠራም። ዊንዶውስ፣ ማክ፣ አይፓድ ወይም አይፎን ይፈልጋል። እስከ ፈተናው ቀን አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ለመምህርህ ንገረውና የኮምፒውተር ክፍል ያመቻችልህ። መምህራንም ቴምፕሌቱን ከመምረጣችሁ በፊት ክፍሉ ውስጥ ስንቱ ኮምፒውተር እንዳለው እጅ አስነሥታችሁ ቁጠሩ።