ጥያቄና መልስ፦ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ዓመታቸውን ለማን ይስጡት?

ሰሞኑን የደረሱኝ መልእክቶች ባብዛኛው የጡረተኞች ናቸው። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስድብ ያለበትንም አለዝቤ ነው ያቀረብኩት።

ቁሉቢ ገብርኤል የታኅሣሡ ይሻለናል የሐምሌው? ሁለታችንም ጉልበታችንን ያመናል።

ታኅሣሥ 19 ሕዝቡ ይበዛል፣ ሐምሌ 19 ክረምት ነው። ስለት ካለባችሁ በቀኑ ሂዱ፣ ከሌለባችሁ ግን በአዘቦት ቀን መሳለም ማን ከለከላችሁ? እስከ ድሬዳዋ በባቡር ሄዳችሁ ከዛ ሽቅብ በመኪና ብትወጡ ለጉልበታችሁ ከአውቶቡስ ይሻላል፣ ቢያንስ ተነስታችሁ ትንሽ መራመድ ትችላላችሁ።

ሚስቴ አሜሪካ ቀረች፣ ነይ ብላት ራስ ወዳድ እባላለሁ ወይ?

ይሄን የጻፉት አንድ የአዳማ አባት ናቸው፣ ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ በራሴ አነጋገር ላቅርበው። ባልና ሚስት በተቀራራቢ ጊዜ 60 ሞልቷቸው ጡረታ ወጡ። ላንጋኖ እንሄዳለን፣ ሐረርን እናያለን፣ ዓመት ሙሉ በስልክ ብቻ ያገኘናቸውን ወዳጆች ቤታቸው ሄደን እንጠይቃለን ተባብለው ነበር። ከዛ ሜሪላንድ ያለችው ልጅ ወለደች፣ እናት ለሦስት ወር አራስ ሊያርሱ ሄዱ። ሦስት ወሩ አምስት ሆነ። አሁን ደግሞ ዴንቨር ያለው ልጅ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ እና "እማዬ እዚሁ ትቆይና ወደኛ ትምጣ፣ ቪዛዋ ገና ጊዜ አለው" ብሏል። አባት እስካሁን ያሉት ነገር የለም፣ እኔን ነው የጠየቁኝ።

ጋሼ፣ ቢባሉስ ምን ይሆናሉ?

ልጆቹ ክፉ አይደሉም፣ ይሄን አስቀድሜ ልበል። ሁለቱም ባልና ሚስት እየሠሩ አሜሪካ ውስጥ ለሕፃን መዋያ መክፈል ምን ማለት እንደሆነ የምናውቀው ነው፣ የቤት ኪራይ የሚያህል ብር ነው። እናት መጣች ማለት ገንፎው አለ፣ ልጁ አማርኛ ይሰማል፣ ወላጆቹም ሥራ ውለው ሲመጡ ቤቱ ሞቅ ብሎ ይጠብቃቸዋል። ግን ይሄ ጉብኝት አይባልም፣ ሥራ ነው። እናትየው መኪና አይነዱም፣ ሰፈሩን አያውቁም፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት እሁድ የሚወስዳቸው ሰው ሲገኝ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ከሕፃን ጋር ውለው ሌሊትም ሕፃኑ ሲያለቅስ መጀመሪያ የሚነሱት እሳቸው ናቸው። እዚህ ደግሞ አባት ከጎረቤት የመጣ ሽሮ እየበሉ ማታ ማታ በቪዲዮ ኮል የልጅ ልጅ ግንባር ያያሉ፣ የሚስታቸውን ፊት ለማየት ስልኩ ዞር እስኪል መጠበቅ አለባቸው። ሲጠያየቁ ሁለቱም "ደህና ነኝ" ነው የሚሉት። ይሄ ነገር ስንት ቤት እንዳለ ብታዩ! ስንት ዓመት ሥራና ልጅ ሲሻማቸው ኖሮ፣ ገና አንድ ላይ ቁጭ ሊሉ ሲሉ ግማሹን ዓመት አንዱ እዛ አንዱ እዚህ።

የሚገርመኝ በደብዳቤው ሁሉ ውስጥ እናትየውን "አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?" ያላቸው ሰው አለመኖሩ ነው። እርስዎም አላሉም ጋሼ። ልጅቷ አጠገባቸው ሆና እየሰማች ሳይሆን ሥራ በሄደችበት ሰዓት ደውለው ይጠይቋቸው። ምናልባት "ልቆይ" ይሉ ይሆናል፣ ከባል እረፍት ያገኙት ገና አሁን ሊሆን ይችላል፣ ይሄም መታሰብ አለበት። "ናፍቆኛል፣ ልምጣ" ካሉ ግን ለልጆቹ የሚነግሩት እርስዎ ነዎት፣ እሳቸው ላይ እንዳይጥሉት። እናት ለልጅ እምቢ ማለት እንደሚከብዳት እያወቁ "እሷ ትንገራቸው" ማለት ሽሽት ነው።

ለወደፊቱ ደግሞ ዓመቱን ልጆች ሳይከፋፍሉት በፊት እናንተ ጀምሩ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ዝናቡ ሄዶ አገሩ የሚያምርበት ጊዜ ነው፣ እሱን ለራሳችሁ ያዙ፣ ሐረርና ላንጋኖ እዛ ውስጥ ይግቡ። የተረፈውን ለልጅ ልጅ፣ ለሰንበቴ፣ ለሠርግና ለለቅሶ አድርጉት። አሜሪካም ከሆነ ከተቻለ ሁለታችሁም ሂዱ፣ የሕፃን ጋሪ መግፋት ወንድ አይችልም የሚል ሕግ የለም። የመመለሻው ቀን ደግሞ ቲኬቱ ሲቆረጥ ይወሰን፣ አንዴ ከሄዱ በኋላ "ትንሽ ቆዩ" የማይል ልጅ የለም።

አሁን ልጁ ስለ ቪዛ ያለው። ይሄን በደንብ ስሙኝ። ቪዛው ላይ ያለው ቀን እስከ መቼ አሜሪካ መግባት እንደሚቻል ነው የሚናገረው፣ ለምን ያህል ጊዜ መቆየት እንደሚቻል አይደለም። መቆያው የሚወሰነው ሲገቡ ነው፣ አይ-94 በሚባለው መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ለጎብኚ ብዙ ጊዜ ስድስት ወር ነው። ማራዘም የሚፈልግ ያ ቀን ሳያልፍ ነው የሚያመለክተው። ካለፈ ቪዛው ራሱ ይበላሻል፣ ሌላ ጊዜ ለመግባትም ችግር ይሆናል። እናትየው አምስተኛ ወራቸው ላይ ናቸው! ልጁ ዛሬውኑ መዝገቡን ኢንተርኔት ላይ ይይ፣ ከዛ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያናግር። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ "እኔ አውቃለሁ" የሚል ሰው ጠበቃ አይደለም።

ሻንጣ ውስጥ ቋንጣ መክተት ይቻላል ወይ? ወደ አሜሪካ ነው።

አይቻልም፣ ሥጋ ነው። በርበሬና ሽሮውን ይውሰዱ፣ ሲገቡ ምግብ ይዣለሁ ብለው ያስመዝግቡ።

ስኳር አለብኝ፣ ኢንሱሊኑን የት ላድርገው? በረራው ላይስ መቼ ነው የምወጋው?

የእጅ ቦርሳዎ ውስጥ፣ ከሐኪም ወረቀት ጋር። የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ከከተቱት በብርድ ሊበላሽ ይችላል፣ ሻንጣው ከጠፋ ደግሞ ምን ሊያደርጉ ነው? መቼ የሚለውን ግን እኔን አይጠይቁኝ፣ ጎረቤትም አይጠይቁ። ወደ ምዕራብ፣ ለምሳሌ ወደ ዋሽንግተን፣ ሲበሩ ቀኑ በሰባት ስምንት ሰዓት ይረዝማል፣ ስለዚህ አወሳሰዱ ሊቀየር ይችላል፣ እሱን የሚያሰላልዎት ሐኪምዎ ብቻ ነው። ከመሄድዎ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብለው ይሂዱ። ለሚቆዩበት ጊዜ በሙሉ የሚበቃ መድኃኒት ይያዙ፣ የጉዞ ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ድሮ የነበረ በሽታን አይሸፍንም።

የልብ መድኃኒት የሚወስደውን ባለቤቴን ለገና ላሊበላ ልወስደው አስቤያለሁ። ከድሬዳዋ ነን።

እትዬ፣ ምኞትዎ ይገባኛል። በገና ጠዋት ቤተ ማርያም ካህናቱ ገሚሱ ላይ ገሚሱ ታች ሆነው ቤዛ ኩሉ ሲሉ ማየት የማይፈልግ የለም። ግን ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ላሊበላ 2,500፣ ለልብ ሕመምተኛ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። እሱ ላይ ደረጃው፣ የተፈለፈለው ጠባብ መተላለፊያ፣ ግፊያው፣ የሌሊቱ ብርድ፣ ሌሊቱን ሙሉ መቆም፣ ደሞም በጾም ምክንያት የሚዘለል መድኃኒት ሲጨመርበት! ቲኬት ሳይቆርጡ የልብ ሐኪሙን ያናግሩ፣ እሱ እሺ ካላለ አይሄዱም፣ በዚህ አልደራደርም። እሺ ካለ ቀደም ብላችሁ ግቡና ሁለት ቀን እረፉ፣ ሌሊቱን ተኝታችሁ ጠዋት ሂዱ፣ በአውሮፕላን ይሁን። የአካባቢውን ሁኔታ ደግሞ እዛ ያለ ሰው ጠይቁ።

ልጆቻችን ለነሐሴ ዱባይ ሊልኩን ነው፣ እኛ ግን ላንጋኖ ነው ያማረን።

ነሐሴ ዱባይ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ከሞል ሞል ስትዘዋወሩ ልትከርሙ ነው። "ብሩን ስጡንና ላንጋኖ እንሂድ" በሏቸው፣ ምንም አያሳፍርም። ውኃው ቡኒ መሆኑ አያስደንግጣችሁ፣ ደለሉ ነው።

ባሌ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ፣ አቦል ጠጥተው በረካ ጠጥተው ምሳም እዚሁ ናቸው። ምን ልበል?

ሳቄ መጣ፣ ይቅርታ። ግን ጓደኞቹን አያባርሯቸው፣ ሥራ ሲቆም ወዳጅም አብሮ የሚጠፋበት ሰው ብዙ ነው፣ የእርስዎ ባል ታድሏል። መጠየቅ ያለበት ለምን ሁልጊዜ እርስዎ ቤት እንደሆነ ነው። የሌሎቹ ሚስቶች ጀበና የላቸውም? ማክሰኞ እነ እገሌ ቤት፣ ሐሙስ ሌላው ጋ፣ እንደ ማኅበር ተራ ይግቡ። በእርስዎ ተራ ቀን ደግሞ ቡናውን የሚቆላው ባልዎ ይሁን፣ ሽንኩርት የሚልጡት ጓደኞቹ።

ለስድስት ወር ስንሄድ የጡረታ አበል ማን ያውጣልን፣ ውክልና እንዴት ይደረጋል ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ፣ ውክልናው ሰነዶች ማረጋገጫ ነው፣ የቀረውን አበሉን የሚከፍላችሁን ባንክ ጠይቁ።