ቀላሉን ሩጫ ቀላል አድርጉት

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት በሯጮች እግር ላይ ነው። የክለብ ወጌሻ ነበርኩ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጥያቄያችሁ ግን አልቀረም። በስልክ ይመጣል፣ በዘመድ ይመጣል፣ ጃንሜዳ በኩል ሳልፍም መንገድ ላይ ያስቆመኛል። አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው አንድ ነው፦ «በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር ልሩጥ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ከእሱ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ ግን አለ፤ ያንን የሚጠይቀኝ ሰው ትንሽ ነው። ቀላል የምትሉትን ሩጫ በምን ፍጥነት ነው የምትሮጡት? እግራችሁ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚችል በአብዛኛው የሚወስነው እሱ ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ ከተኙት እግሮች በውድድር ቀን የተጎዱት ጥቂቶች ናቸው። በትራክ ልምምድ የተጎዱትም የምታስቡትን ያህል ብዙ አይደሉም። አብዛኞቹ «ኧረ ምንም አልሠራሁም፣ ቀላል ሩጫ ላይ ነበርኩ» እያሉ ነው የሚመጡት። ያ ቀላል ሩጫ እንዴት እንደነበር ስጠይቅ ነው ነገሩ የሚወጣው። ማክሰኞ ጠንካራ ልምምድ ሠርተዋል። ረቡዕ ለሶምሶማ ጫካ ገቡ። ከፊት ያለው ልጅ ትንሽ ጨመረ። ከኋላ ያለውም ላለመቅረት ጨመረ። የመጨረሻውን ሃያ ደቂቃ ሁሉም እየተነጣጠቀ ጨረሰው። ሐሙስ ደግሞ ያልተመለሰ እግር ይዘው ሌላ የፍጥነት ልምምድ ላይ ይቆማሉ። እንዲህ ያለ ሳምንት ሲደጋገም እግር አይችለውም።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ምክንያቱን ካወቃችሁ ራሳችሁን ለመያዝ ይቀላችኋል።

የሰውነት ክፍሎች ልምምድን እኩል አይለምዱም። ልብና ደም ቶሎ ይለምዳሉ። ጀማሪ እንኳ ጥቂት ሳምንት በደንብ ከሮጠ ትንፋሹ እንደተሻለው ይታወቀዋል። ጡንቻ ትንሽ ይዘገያል። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ትንፋሻችሁ «እችላለሁ፣ ጨምር» በሚላችሁ ሰዓት የተረከዛችሁ ጅማት ገና ነው። ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚጎዳው አቋሙ ጥሩ በሆነበት ሰሞን የሆነውም ለዚህ ነው። አሠልጣኙም ቤተሰቡም «አሁን እኮ በጣም ደርሶ ነበር» ይላሉ። ትንፋሹ ደርሶ ነበር፤ አጥንቱ አልደረሰም።

አጥንት ሲጠነክር መጀመሪያ ይሳሳል። የጭቃ ቤት የሚያድስ ሰው የላላውን ጭቃ ነቅሎ ከጣለ በኋላ ነው አዲሱን የሚለስነው፤ በመሃል ባለው ጊዜ ግድግዳው ከድሮውም የደከመ ነው። አጥንትም ልምምድ ሲጨመርበት አሮጌውን ክፍል ያነሳና በቦታው አዲስ ይሠራል። አዲሱ እስኪጠነክር ጥቂት ወራት ይወስዳል። ኪሎ ሜትር በአንድ ጊዜ የጨመሩ ልጆች አገዳቸው ላይ ስንጥቅ ይዘው የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ነው። መጀመሪያው ሳምንት ላይ ምንም አይሰማቸውም። «ችዬዋለሁ» ብለው ይቀጥላሉ።

ቀላል ሩጫ ታዲያ ምን ይሠራል? ብዙ ይሠራል። ጡንቻ ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበዛሉ። ኃይል የሚያመርቱት ማይቶኮንድሪያዎች ይጨምራሉ። ሰውነት ስብን ማቃጠል ስለሚለምድ ጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስኳር ለጠንካራው ቀን ይተርፋል። ይህን የምታገኙት ሳምንት ከሳምንት፣ ረጅም ሰዓት በመሮጥ ነው። በኪሎ ሜትር ሃያ ሰከንድ ብታፈጥኑ ጥቅሙ ያን ያህል አያድግም፤ ድካሙ ግን በደንብ ያድጋል።

ይህ ነገር አዲስ ግኝት አይደለም። በ1960 የሮም ኦሊምፒክ፣ አበበ ቢቂላ ማራቶንን በባዶ እግሩ ካሸነፈበት ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሁለት የኒውዚላንድ ሯጮች በአንድ ከሰዓት ወርቅ ወስደው ነበር። ፒተር ስኔል በ800 ሜትር፣ መሬይ ሃልበርግ በ5,000 ሜትር። የሁለቱም አሠልጣኝ አርተር ሊዲያርድ ነበር። ሊዲያርድ የ800 ሜትሩን ሰው ሳይቀር በሳምንት 160 ኪሎ ሜትር ያህል ያስሮጥ ነበር። ይህን ቁጥር ከራሱ ላይ ሞክሮ ነው ያገኘው፤ ከዚያም እጅግ በላይ ሮጦ አይቶታል። ብዙ ሰው ከሊዲያርድ የያዘው 160ን ብቻ ነው። ሯጮቹ ያንን ርቀት ትንፋሻቸው ሳይቆረጥ ይጨርሱት እንደነበር፣ የፍጥነቱ ልምምድ ከዚያ በኋላ ለብቻው ይመጣ እንደነበር ይረሳል። በእኔ እምነት ትልቁ ትምህርት ያለው እዚያ ነው። በኋላም ኖርዌይ ውስጥ የሚሠራው ተመራማሪ ስቲቨን ሳይለር የታላላቅ ስፖርተኞችን ልምምድ ሲያጠና ተመሳሳይ ነገር አገኘ፤ ከ10 ልምምድ 8ቱ ያህል ቀላል ነው።

እኛ አገር ደግሞ ከፍታ አለ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትሆናላችሁ፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 70 በመቶ ገደማ ነው። ስልክ ላይ አንድ የአውሮፓ ሯጭ «ቀላል ሩጫ፣ በኪሎ ሜትር 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ» ብሎ ሲለጥፍ አይታችሁ ያንኑ እንጦጦ ላይ ካሰባችሁ፣ ያሰባችሁት ቀላል ሩጫ አይደለም። ስለዚህ በቀላል ቀን ኪሎ ሜትሩን ትታችሁ ሰዓት ያዙ። «ዛሬ ለ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ እሮጣለሁ» በሉ። ዳገቱም ጭቃውም ድካሙም በውስጡ ይካተታል። አሜሪካ ያላችሁ ልጆች ከፍታው የለባችሁም፤ የዋሽንግተን የሐምሌ ወበቅ ግን አለባችሁ። እሱም የልብ ምት ስለሚያንር ለእናንተም ይኸው ምክር ይሠራል።

ትክክለኛውን ፍጥነት ለማወቅ ውድ ሰዓት አያስፈልግም። አጠገባችሁ ካለው ጓደኛ ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገራችሁ ማውራት ከቻላችሁ ልክ ነው። ሁለት ሁለት ቃል እየቆረጣችሁ ከሆነ ቀንሱ። የልብ ምት የምትለኩ ከሆነ ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች ለመቆየት ሞክሩ። ቀነኒሳ በቀለ በ2019 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:01:41 ሲጨርስ አንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ2 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ነው የሮጠው። በዚያ ደረጃ ያሉ የማራቶን ሯጮች በቀላል ቀን አንዱን ኪሎ ሜትር ከ4 ደቂቃ በላይ መሮጣቸው የተለመደ ነው። ከአንድ ደቂቃ በላይ ልዩነት ማለት ነው። አንተ 10 ኪሎ ሜትርን በ40 ደቂቃ የምትሮጥ ልጅ፣ ቀላል ሩጫህ በ4 ደቂቃ ከ30 ምን ይሠራል? 5 ደቂቃ ከ15 አድርገው። ከዚያ ቢዘገይም ችግር የለም።

የጫካው ሩጫችን ራሱ ለዚህ የተመቸ ነው። በሰልፍ፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ በባሕር ዛፉ መሃል እየተጠማዘዙ መሮጥ ፍጥነቱን በራሱ ይይዘዋል፤ አፈሩም ለስላሳ ነው። የሚያበላሸው መሪው ነው። በቀላል ቀን መሪነቱን ረጋ ላለው ሰው ስጡ። ከቡድኑ ዘገምተኛው ቢሆን ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ለታላቁ ሩጫ የምትዘጋጁ፣ ሥራና ትምህርት ያላችሁ ልጆች፣ በሳምንት 4 ቀን፣ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ይበቃችኋል። ክለብ ያላችሁ ወጣቶች ደግሞ የትልልቆቹን 180 እና 200 ኪሎ ሜትር አትቅዱ። እነሱ እዚያ የደረሱት በዓመታት ነው። ትዕግስት አሰፋ በ2016 ሪዮ ላይ የ800 ሜትር ተወዳዳሪ ነበረች። በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 የሮጠችው በ2023 ነው። በመሃል ያሉትን ዓመታት ቁጠሯቸው።

ስትጨምሩ መጀመሪያ የሩጫ ቀን ጨምሩ፣ ከዚያ የሩጫውን ርዝመት፣ ፍጥነትን መጨረሻ ላይ። ከእነዚህ ሁለቱን ባንድ ሳምንት አትጨምሩ። «በየሳምንቱ 10 በመቶ» የሚባለውን እኔ ብዙም አልወደውም። ከ20 ወደ 22 መውጣት ምንም አይደለም፤ ከ130 ወደ 143 መውጣት ግን አንድ ሙሉ የሩጫ ቀን ማለት ነው። አንድ ቁጥር ላይ ሦስት ሳምንት ቆዩ። አራተኛውን ሳምንት ቀንሱ። ከዚያ ጨምሩ። ቀን ሲሚንቶ ስትሸከሙ ወይም ጥበቃ ቆማችሁ የምትውሉ ልጆች ደግሞ ያንን ድካም ቁጠሩት። እግራችሁ የሥራውንና የሩጫውን አይለይም።

ምግብን ላልፈው አልችልም። ኪሎ ሜትር ጨምሮ እንጀራ ያልጨመረ ሰው አጥንቱን እየበላ ነው የሚሮጠው። ከሩጫ እንደተመለሳችሁ በሶም ይሁን ዳቦና ሻይ፣ ቶሎ አንድ ነገር ቅመሱ። ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ሲሆን ርቀቱን ቀንሱ እንጂ እንደ ፋሲካው ሰሞን አትሩጡ። የምትጾሙ ልጆች የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ልምምዳችሁን በግልጽ ንገሯቸው። ሴቶች ልጆቼ፣ የወር አበባ መቅረት የጥንካሬ ምልክት ነው የሚላችሁ ካለ አትስሙት። ሰውነታችሁ የሚበቃውን ምግብ እያገኘ እንዳልሆነ እየነገራችሁ ሊሆን ይችላል፤ አጥንታችሁንም ያሳሳል። ወደ ሐኪም ሂዱ። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ስለ ሕመም ይህን ያዙ። ባት ላይ ሰፋ ብሎ የሚሰማ፣ በሁለት ቀን የሚጠፋ ሕመም የልምምድ ነው። አገዳ ላይ በአንድ ጣት የምታሳዩት ነጥብ ካለ፣ በዚያ እግር ብቻ ስትዘሉ የሚወጋ ከሆነ፣ ወይም ማታ ተኝታችሁም የማይለቅ ከሆነ፣ በዚያው ቀን ሩጫ አቁሙ። ማሟሟቂያ ላይ ጠፍቶ ሲያበቃ የሚመለሰውንም የተረከዝ ጅማት ሕመም አትናቁት። ለወጌሻችሁ በመጀመሪያው ቀን ንገሩት። ከውድድር ምርጫ እቀራለሁ ብላችሁ የምትደብቁት ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ስትመጡ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንት እረፍት እንመልሳችኋለን። ስንጥቁ ከሰፋ በኋላ ስትመጡ ግን የምንነጋገረው ስለ ወራት ነው።