ቢላዋ ይክፈት፣ ጡጫ ይግፈፍ

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው በበዓል ማለዳ ቢላዋችሁን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከቤት ቤት እየዞራችሁ በግና ፍየል ለምታርዱት ነው። ሥጋ ቤትና ቄራ ገና ለገባችሁትም ይጠቅማል። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሥራዬ መራጭነት ነበር። የበግና የፍየል ሌጦ ጠረጴዛ ላይ እየዘረጋሁ፣ ይህ አንደኛ፣ ይህ ሦስተኛ፣ ይህ ውዳቂ እያልኩ ደረጃ እሰጥ ነበር። እናንተን በመልክ አላውቃችሁም። የእጃችሁን ሥራ ግን በደንብ አውቀዋለሁ። ማን እንደቸኮለ፣ የማን ቢላዋ እንደደነዘ፣ ማን ተረጋግቶ እንደሠራ ቆዳው ይናገራል።

ቶሎ መጨረስ እንደምትፈልጉ ይገባኛል። አንዱ ቤት እያላችሁ ሌሎች አራት ቤቶች ስልክ ይደውላሉ። ልጆች ይጠብቃሉ፣ ድስቱ ተጥዷል። ስለዚህ ቢላዋውን ታሯሩጡታላችሁ። ስህተቱ ይሄ ነው። ቆዳ ሲገፍፉ ፈጣን የሆኑትን ሰዎች ቆሜ አይቻቸዋለሁ። ቢላዋቸው አብዛኛውን ጊዜ ከአፎቱ አይወጣም። የሚሠራው ጡጫቸው ነው።

ከራሴ ልጀምር። ወጣት ሳለሁ አንድ ፋሲካ የቤታችንን በግ ራሴ አረድኩ። ስገፈው ምንም አላስቸገረኝም። ቆዳውን ወደ ፀሐይ አንስቼ አየሁት፤ አንድም ቀዳዳ የለውም። ደስ አለኝ። ከበዓል መልስ ፋብሪካ ይዤው ሄድኩ። አለቃዬን አስፈቅጄ በጅራቱ በኩል ሦስት ትንንሽ ምልክት በስቼ ከሌላው ጋር ቀላቀልኩት። ኖራ ገባ፣ ጸጉሩ ወለቀ፣ ክሮም በሚባል ኬሚካል ለፋ። በማሽን ከተላገ በኋላ ምልክቱን ፈልጌ አገኘሁት። ሰባት ቦታ ላይ የቢላዋ ጭረት ነበረበት። ሁለቱ መሃል ጀርባው ላይ ናቸው። እዚያ ጋ መላጊያው ሲያሳሳው ቆዳው ተበስቷል። አለቃዬ ጣቱን በቀዳዳው አሾለከና «ያንተ ነው አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። ሌላ ቃል አልተናገረኝም። ደረጃውን ግን እኔው እንድጽፍ አዘዘኝ። አራተኛ ብዬ ጻፍኩ።

ጭረትን ከቀዳዳ በላይ የምፈራው ለዚህ ነው። ቀዳዳ ገና ከመጀመሪያው ይታያል። ገዢው አይቶ ዋጋ ይቀንሳል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ጭረት ግን በሥጋው በኩል ተደብቆ ይገባል። ፋብሪካው ኬሚካሉን፣ ውሃውንና ጉልበቱን ካፈሰሰበት በኋላ ነው ብቅ የሚለው። የእኛ የደጋ በግ ሌጦ ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው። ለጓንት የሚፈለገውም በዚሁ ነው። የባቲ ፍየልና የሰላሌ በግ በውጭ የቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ በስማቸው ይታወቃሉ። ስስ በመሆኑ ግን የእጅ ስህተት አይሸከምም።

እሺ፣ ወደ ሥራው እንሂድ።

በጉ ሌሊቱን ይረፍ። መኖ ይከልከል፣ ውሃ ግን ይጠጣ። ሲጎተትና ሲባረር የዋለ በግ ደሙ በደንብ አይወጣለትም። ደም የቀረበት ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይበላሻል፤ ሲለፋም የደም ሥሩ ሐረግ መስሎ ይታያል። ከታረደ በኋላም መሬት ለመሬት አትጎትቱት። ጠጠሩ የሚፍቀው ለጫማና ለጓንት የሚፈለገውን ፊት ነው።

ቢላዋ ሁለት ያዙ። አንዱ ሹል ይሁን፣ ለማረጃና ለመክፈቻ። ሌላው ጫፉ ክብ፣ ሆዱ ጎበጥ ያለ ይሁን፣ ለገፈፋ። አብዛኞቻችሁ በአንድ ሹል ቢላዋ ሁሉንም ትሠራላችሁ። ጭረቱ ከሹሉ ጫፍ ነው የሚመጣው። ሞረድም ከእጃችሁ አይለይ። የደነዘ ቢላዋ ጉልበት ይጠይቃል፣ ጉልበት ሲጨመርበት ያመልጣል።

ሙቀቱ ሳይወጣ ጀምሩ። ትኩስ ቆዳ ከሥጋው በቀላሉ ይላቀቃል። ከቀዘቀዘ ይጣበቃል፣ ያኔ ሳትወዱ ወደ ቢላዋ ትመለሳላችሁ። ከቻላችሁ በኋላ እግሩ ስቀሉት። ሥራችሁ ግማሽ በግማሽ ይቀላል፣ ሥጋውም አፈር አይነካውም።

አከፋፈቱ መስመር አለው። ከቋንጃው ተነስታችሁ በታፋው ውስጥ በኩል ወደ ብሽሽቱ ውረዱ፤ በሁለቱም እግር። ከፊት እግሩ ጉልበት ደግሞ ወደ ፍርምባው። ከዚያ ከአንገቱ ጀምሮ በፍርምባውና በእንብርቱ ላይ አልፎ እስከ ጅራቱ አንድ ቀጥ ያለ መስመር። የተጣመመ መስመር ቆዳውን ቅርጽ ያሳጣዋል። አንዱ ጎን ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ሆኖ ብዙው ተቆርጦ ይጣላል። መስመሩን ስትከፍቱ ስለቱ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ይሁን። ትንሽ ከፍታችሁ ቢላዋውን ከቆዳው ሥር አስገቡና ከውስጥ ወደ ውጭ ቅደዱ። ከላይ ወደ ታች የሚጫን ሰው ጸጉሩን እየቆረጠ ሥጋው ላይ ይበትነዋል፣ ሆዱንም ሊበሳው ይችላል።

መስመሩ ሲያልቅ ቢላዋውን አስቀምጡት። እውነቴን ነው፣ አስቀምጡት። በአንድ እጅ ቆዳውን ወጥሩ፣ ሌላውን ጨብጣችሁ በቆዳውና በሥጋው መሃል አስገቡ። የጣት አንጓችሁ ወደ ቆዳው ይጫን እንጂ ወደ ሥጋው አይደለም። ሥጋው ላይ ያለው ስስ ነጭ ሽፋን ሳይቀደድ መቅረት አለበት። ከፍርምባው ወደ ጎኑ፣ ከጎኑ ወደ ጀርባው ግፉ። በትክክል ስትገፉ እርጥብ ጨርቅ እንደሚቀደድ ያለ ድምፅ ትሰማላችሁ። ድምፁ ሲቆም ጡጫችሁ መንገድ ስቷል ማለት ነው። ወደ ኋላ መለስ በሉና በሌላ በኩል ሞክሩ። ቀይ ሥጋ ከቆዳው ጋር ከመጣ ጥልቅ ገብታችኋል። ሥጋና ስብ የቀረበት ቦታ ጨው አያስገባም፣ ከዚያ ነው መሽተት የሚጀምረው።

ጸጉር የሚይዘው እጅ ሥጋ አይንካ። አንዱን እጅ ለቆዳ፣ አንዱን ለሥጋ መድቡ። ከቀያየራችሁ ታጠቡ።

እግሩ ላይ ሰንጥቀው በአፍ የሚነፉም አሉ። አየሩ ቆዳውን ያላቅቃል፣ ልክ ነው። ግን የሰው ትንፋሽ ሰው የሚበላው ሥጋ ውስጥ ይገባል። የታመመ ሰው ቢሆንስ? ጡጫ እያለላችሁ ይሄን ተዉት።

አስቸጋሪ ቦታዎች አሉ፤ ብብት፣ ብሽሽት፣ የሆዱ ጎንና ላቱ። እዚያ ቆዳው ስስ ነው ወይም ከሥጋው ጋር ተጣብቋል። ቢላዋ የሚያስፈልገው እዚህ ነው፣ ክቡ ቢላዋ። ቆዳውን ወጥራችሁ፣ ስለቱን ወደ ሥጋው አዘንብላችሁ፣ በአጭር በአጭሩ። ላቱ ላይ ትንሽ ስብ ቆዳው ላይ ቢቀር ይሻላል። ስቡ በኋላ ይፋቃል፣ የተቆረጠ ቆዳ ግን አይመለስም።

ይህ ሙያ ከእናንተ አልጀመረም። ስልቻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፍየሉ ሆዱ ሳይሰነጠቅ፣ ልክ ሹራብ እንደሚወልቅ ከኋላ ወደ አንገቱ ተገልብጦ ይወጣል። እህል የሚያዝበት ስለሆነ አንድ ጭረት አይፈቀድም። ፋብሪካ ባልነበረበት ዘመን የገበሬ እጅ ይህን ይሠራ ነበር። የብራና መጻሕፍትንም ቀረብ ብላችሁ እዩ። አንዳንዱ ገጽ ላይ ዓይን የመሰለ ቀዳዳ አለ፤ አንዳንዱ በክር ተሰፍቷል፣ ጸሐፊው ዙሪያውን እየዞረ ጽፏል። ቆዳው በእንጨት ላይ ሲወጠር ትንሽ የቢላዋ ንክኪ እንዲያ ተከፍታ ትሰፋለች። ፍየሉን የገፈፈው ሰው ስሙ አልተጻፈም። የቸኮለባት ቅጽበት ግን ለመቶ ዓመታት እዚያው አለች። እነዚያን ገጾች ባየሁ ቁጥር ልቤን ይነካኛል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቆዳ ማን ይገዛል?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ድሮ በዓል ሲነጋ «የበግ ቆዳ ያለው!» የሚል ድምፅ ሰፈሩን ይሞላው ነበር። አሁን ከእንቁጣጣሽ፣ ከገና፣ ከአረፋ ማግስት ሌጦው መንገድ ዳር ተጥሎ ውሻ ሲጎትተው አያለሁ። ያመኛል። ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። እከክና መዥገር አለ፣ የእሾህ ጭረት አለ፣ ኬሚካል በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛው። ግን ፋብሪካው ለተበሳውም ለደህናውም ያው ኬሚካል ነው የሚያወጣው። መቶ ሌጦ ገዝቶ ግማሹ የተበላሸበት ሰው በሚቀጥለው በዓል ለሁሉም ትንሽ ይከፍላል፣ ወይም ጭራሽ አይመጣም። በንጽህና የገፈፈው ልጅም አብሮ ይከስራል። እኔ የምለምናችሁ በእጃችሁ ያለውን ድርሻ እንድታስተካክሉ ነው።

የመጨረሻው ጨው ነው። ብዙ ጥሩ ቆዳ ተገፎ ካለቀ በኋላ ሲሞት አይቻለሁ። ሌጦውን ጠቅልለው ፌስታል ወይም ማዳበሪያ ውስጥ ይከቱታል። እዚያ ውስጥ ይሞቃል፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጸጉሩ በእጅ ሲነካ ይነቀላል። ጸጉሩ የሚነቀል ቆዳ በስብሷል። ፀሐይ ላይ መሬት ማስጣትም እንደዚያው ነው፤ ከላይ ይደርቃል፣ ከውስጥ ይበሰብሳል። ደሙን እጠቡ፣ ጥላ ቦታ ሥጋው ወደ ላይ ሆኖ ዘርጉት፣ ሙቀቱ ይውጣለት። ከዚያ ጨው በትኑበት። ሁለት ኪሎ ለሚመዝን ሌጦ እስከ አንድ ኪሎ ጨው አይበዛበትም። አንገቱንና ጠርዙን እንዳትረሱ፣ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው የሚበላሸው። ውሃው እንዲወርድ ዘንበል ያለ ቦታ ላይ ይቀመጥ።

ጨውን ደግሞ ገና ስትገቡ፣ በጉ ሳይታረድ ጠይቁ። «እማማ፣ ለቆዳው ጨው ያዘጋጁልኝ» በሏቸው። ከታረደ በኋላ ሁሉም ወደ ዱለቱ ይሮጣል፣ ማንም አይሰማችሁም። እኔ የቤታችን በግ በታረደ ቁጥር ጨዉን ከዋዜማው ጀምሮ በረንዳው ላይ አስቀምጠዋለሁ።